የጃፓን መኪና መለዋወጫን ከካታሎግ ላይ ሳይሳሳቱ ማግኘት፦ ደረጃ በደረጃ

ዕቃው ይታዘዛል። ሳምንታት ይጠበቃል። ሲመጣ አይገጥምም። የብሎኑ ቀዳዳ ትንሽ ይስታል፣ ወይ ሶኬቱ ሌላ ነው፣ ወይ ግራው ሲፈለግ ቀኙ መጥቷል። ይህ የደረሰበት ሰው ካታሎጉን ይወቅሳል። እኔ ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ዕቃው መፈለግ ሳይጀመር ነው። መኪናው በትክክል አልተለየም። ሰውየው «የ2004 ኮሮላ» ብሎ ይገባል። ካታሎጉ መኪና የሚለየው በሻንሲ ቁጥር፣ በሞዴል ኮድ እና በተመረተበት ወር ነው እንጂ በዚህ አይደለም።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ መኪናው ነው። እባካችሁ እንዳትዘሉት። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከቶዮታ ናቸው፤ ቁጥር አሰጣጡ ለመማር ይቀላል። የሌሎቹን ልዩነት ወደ ኋላ ላይ አነሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የሻንሲ ቁጥሩ በብረቱ ላይ የተመታበትን ቦታ የሚያሳይ ጥርት ያለ ፎቶ
- የመኪናውን የአምራች ሰሌዳ (የብረቷን ሳህን) ፎቶ
- በሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታውን የሞተር ኮድ
- የድሮውን ዕቃ ፎቶ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሶኬቱ በኩል
- መለኪያ፤ ካሊፐር ቢሆን ይመረጣል
- ወረቀትና እስክሪብቶ

የድሮውን ዕቃ አትጣሉ። አዲሱ ገጥሞ መኪናው እስኪነዳ ድረስ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጡ። የምትከፍቱት ካታሎግ የአምራቹ መሆን አለበት፤ ማለትም ሥዕል ያለው፣ በሻንሲ ቁጥር የሚፈለግበት። የሻጮች የዋጋ ዝርዝር ካታሎግ አይደለም። እዚያ ላይ «ለዚህ መኪና ይሆናል» የሚለውን የጻፈው ሻጩ ነው።

ደረጃ 1፦ የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብቡ

ከሊብሬው ላይ አትገልብጡ። ሊብሬ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ መጻፉ ብርቅ አይደለም። ብረቱን እዩ።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሞተር ክፍሉና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ይመታል። በአንዳንድ መኪና ከፊት ወንበር ሥር፣ ምንጣፉ ሲነሳ ይገኛል። እንደ ላንድክሩዘር ባሉ ሻንሲያቸው ለብቻው በሆነ መኪኖች ላይ ደግሞ በፊተኛው ቀኝ ጎማ አካባቢ በሻንሲው ብረት ላይ ነው። ጭቃ ይሸፍነዋል፤ በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በጨርቅና በናፍጣ አጽዱት። ሽቦ ፊደሉን ይፍቀዋል።

አሁን ቁጥሩን እዩ። ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው አጭሩ ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ይህን ይይዛሉ። የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ 6 ወይም 7 አሃዝ ተከታታይ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኤን-ዜድ-ኢ 121 ብሎ ይጀምርና ከሰረዙ በኋላ 7 አሃዝ ይከተላል።

ሁለተኛው 17 ፊደልና አሃዝ ያለው ነው። ለውጭ ገበያ የተሠሩት ይህን ይይዛሉ። በጃፓን የተመረተ ከሆነ በላቲኑ ጄ ይጀምራል። የጃፓን ስም ያላቸው መኪኖች ሁሉ ግን ጃፓን አልተመረቱም። በኤም-አር የሚጀምር ታይላንድ፣ በኤ-ኤች የሚጀምር ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በ17 አሃዙ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በፍጹም አይገቡም። ኦ የመሰላችሁ ዜሮ ነው፤ አይ የመሰላችሁ 1 ነው። 8 ቁጥርን እና ቢ ፊደልን ግን ዓይናችሁን አምናችሁ አትለፉ፤ ፎቶውን አስፍታችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ ሰሌዳውን እንደ መታወቂያ አንብቡ

የሞዴል ኮዱ ዝም ብሎ የተደረደረ ፊደል አይደለም። ኤን-ዜድ-ኢ 121ን እንፍታው። ኤን-ዜድ የሞተሩ ቤተሰብ ነው። ኢ የኮሮላ ቤተሰብ መለያ ነው። 121 ትውልዱንና ዓይነቱን ይነግራል። በዚያው ትውልድ ኤን-ዜድ-ኢ ውስጥ 120 ቁጥር 1.3 ሊትር ሞተር፣ 121 ቁጥር 1.5 ሊትር፣ 124 ቁጥር ደግሞ 1.5 ሊትር ሆኖ በአራት ጎማ የሚጎትት ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የኋላ እግራቸውን ስትፈቱ ግን 124 ፈጽሞ ሌላ መኪና ነው። «ኮሮላ» ብሎ ማዘዝ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሰሌዳው ላይ ከሞዴል ኮዱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ካለ፣ እሱ የጭስ ደረጃ ምልክት ነው። ለፍለጋ አያስፈልግም፤ ተዉት። ከኮዱ በኋላ ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላት ግን በጣም ያስፈልጋሉ። የአካሉን ዓይነት፣ ካምቢዮውን፣ የቅንጦት ደረጃውን የሚለዩት እነሱ ናቸው። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ከመካከላቸው ኤም ካለ ማንዋል፣ ፒ ካለ አውቶማቲክ ነው። ሙሉውን ጻፉ።

ከዚያ የቀለም ኮዱን ጻፉ። ሦስት ቁምፊ ነው፤ 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር ነው። ቀጥሎ ያለው የውስጡ ጨርቅና ፕላስቲክ ኮድ ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ኮድም እዚያው ሰሌዳ ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ ካታሎጉ አይጠይቃችሁም። እናንተ ናችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

ካታሎጉ የሚያውቀው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረበትን ሁኔታ ብቻ ነው። ሞተሩ ከተቀየረ አያውቅም። የብሎኩን ኮድ ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከተለያየ፣ የሞተር ዕቃ ስትፈልጉ በራሳችሁ ሻንሲ ቁጥር አትግቡ። ያ ሞተር ከፋብሪካ ይገጠምበት የነበረውን ሞዴል ፈልጋችሁ በእሱ ግቡ። የአካል፣ የእግርና የመብራት ዕቃ ግን በራሳችሁ ቁጥር ነው።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪናም እንዲሁ ነው። የመሪ ዕቃ፣ የዝናብ መጥረጊያ እጆችና አንዳንድ የፔዳል ዕቃዎች ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አይሄዱም። እነዚህን ከግራ መሪ ሞዴል ነው የምትፈልጉት። በቶዮታ የውጭ ገበያ ኮዶች ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤል ካለ ግራ መሪ፣ አር ካለ ቀኝ መሪ ነው።

ደረጃ 4፦ የተመረተበትን ወር ያዙ

አንድ ዓይነት መኪና በምርት ላይ እያለ ዕቃው ይለወጣል። በነሐሴ የተመረተውና በመስከረም የተመረተው የተለያየ የፊት መብራት ሊኖራቸው ይችላል። ካታሎጉ ይህን የሚለየው በወር ነው።

በሻንሲ ቁጥር ከገባችሁ ካታሎጉ ወሩን ራሱ ያወጣዋል። ይህ ከሁሉ የተሻለው ነው። ካላወጣላችሁ ግን መጀመሪያ የተመዘገበበትን ዓመት እንደ ምርት ዓመት አትውሰዱ። መኪናው ተመርቶ ሳይመዘገብ ወራት ሊቆም ይችላል። የወንበር ቀበቶውን እስከ ታች ሳቡት፤ ጫፉ ላይ የተሰፋው ጨርቅ የቀበቶውን ምርት ቀን ይይዛል። ቀበቶው ካልተቀየረ መኪናው የተሠራው ከዚያ ቀን ትንሽ ቆይቶ ነው።

የጃፓን ወረቀት ካላችሁ ዓመቱ በንጉሠ ነገሥት ዘመን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሄይሴይ ከሆነ 1988 ደምሩ፤ ሄይሴይ 15 ማለት 2003 ነው። ሬይዋ ከሆነ 2018 ደምሩ።

በካታሎጉ ውስጥ 0108-0402 የሚመስል ነገር ስታዩ ስልክ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። ከ2001 ስምንተኛው ወር እስከ 2004 ሁለተኛው ወር ማለት ነው። ዓመቱ ቀድሞ፣ ወሩ ቀጥሎ ይጻፋል።

ደረጃ 5፦ ገበያውን ምረጡና ግቡ

ካታሎጉ በገበያ የተከፈለ ነው፤ ጃፓን፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ፣ ጀነራል (የቀሩት አገሮች) ይላል። አጭር የሻንሲ ቁጥር ካላችሁ ጃፓን የሚለውን ምረጡ። በአውሮፓ ገብታችሁ ብትፈልጉ «አልተገኘም» ይላል፤ ወይ ደግሞ የባሰ፣ ተመሳሳይ የሚመስል ሌላ መኪና ይሰጣችኋል።

መኪናው ሲከፈት ወዲያው ወደ ዕቃው አትሩጡ። የወጣውን ሞዴል ኮድ፣ ሞተር፣ ካምቢዮና የቀለም ኮድ ከሰሌዳው ፎቶ ጋር አስተያዩ። የቀለም ኮዱን ጨምሮ ሁሉም ከገጠመ ትክክለኛው መኪና ላይ ናችሁ። እኔ ቀለሙን ሳላረጋግጥ አላልፍም።

ደረጃ 6፦ ሥዕሉን አግኙ

በቶዮታ ካታሎጉ አራት ትልልቅ ክፍል አለው፤ ሞተርና ነዳጅ፣ ካምቢዮና እግር፣ አካል፣ ኤሌክትሪክ። በየክፍሉ ውስጥ ሥዕሎች አሉ።

አቋራጭ ልንገራችሁ። የዕቃው ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ክፍሉን ይናገራሉ። 16 ማቀዝቀዣ ነው፤ ራዲያተርና የውሃ ፓምፕ እዚያ ናቸው። 31 ፍሪሲዮን ነው። 45 መሪ፣ 47 ፍሬን፣ 48 አሞርዛተርና የእግር ክንዶች፣ 52 ፓራውልት፣ 81 መብራት፣ 87 ማሞቂያ፣ ኤርኮንዲሽነርና ስፖኪዮ። በ90 የሚጀምር ደግሞ በብዙ መኪና የሚገባ ዕቃ ነው፤ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ዘይት ከልካይ ጎማ፣ ካንዴላ።

የፍሬን ሸራ ፈልጋችሁ በ47 ውስጥ ካጣችሁት አትደንግጡ። እሱ በጥቅል ስለሚሸጥ በ04 ይጀምራል። የፊት ሸራ 04465፣ የኋላ የዲስክ ሸራ 04466፣ የኋላ የከበሮ ፍሬን ጫማ 04495 ነው። የሞተር ሙሉ የጋርኒሲዮን ጥቅልም 04111፣ የቴስታታው ብቻ 04112 ነው።

ሥዕሉ ላይ ከዕቃው ጎን የምታዩት 5 አሃዝ ሙሉ ቁጥር አይደለም። የዕቃው ዓይነት ስም ነው እንበል። ሙሉ ቁጥሩን የምታገኙት እሱን ስትጫኑ ወይም በሠንጠረዡ ውስጥ ስትፈልጉት ነው። በነጠብጣብ መስመር የተከበቡ ዕቃዎች ካሉ አብረው በአንድ ቁጥር ይሸጣሉ። አሲ የሚል ካያችሁ ኮምፕሌት ማለት ነው። ሰብ-አሲ ከሆነ ግማሽ ኮምፕሌት ነው፤ ምን ምን እንደሚጨምር ከሥዕሉ ላይ ለዩ።

ደረጃ 7፦ ቀኝና ግራን ለዩ

ቀኝና ግራ የሚለየው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት በማየት ነው። ከመኪናው ፊት ቆማችሁ አትለዩ። መሪው በየትኛውም በኩል ይሁን ይህ አይለወጥም።

አር-ኤች ቀኝ፣ ኤል-ኤች ግራ ነው። በጃፓንኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ምልክቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ቀኝ የሚለው ከሥሩ ትንሽ ሳጥን አለበት። ግራ የሚለው ከሥሩ የላቲኑን ትልቁን አይ የሚመስል ነገር አለበት።

ቁጥሩም ይናገራል። የፊት አሞርዛተር ቀኙ 48510፣ ግራው 48520 ነው። የታችኛው ክንድ ቀኙ 48068፣ ግራው 48069። ስፖኪዮ ቀኙ 87910፣ ግራው 87940። ሥዕሉ አንዱን ጎን ብቻ ሊያሳይ ስለሚችል ሥዕሉን አይታችሁ አትወስኑ፤ ቁጥሩን እመኑ።

ደረጃ 8፦ መስመሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ጊዜ ለዘመዴ መኪና የፊት ፍሬን ሸራ አዘዝኩ። ለዚያው ሞዴል ሦስት መስመር ነበር። የመጀመሪያውን ወሰድኩ። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ባለችው ማስታወሻ ነበር፤ የዲስኩ ስፋት። ሸራው የፍሬኑ ካሊፐር (ሸራውን የሚይዘው ክፍል) ውስጥ አልገባም፤ መኪናውም አዲስ ሸራ እስኪመጣ ጎማው ወልቆ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አንድም መስመር ሳልጨርስ አላለፍኩም።

እያንዳንዱ መስመር አምስት ነገር ይዟል። ቁጥሩን፣ የወር ክልሉን፣ ብዛቱን፣ የሚሠራበትን ሞዴል ኮድ እና ማስታወሻውን። በዚህ ቅደም ተከተል አጣሩ፦

1. ወሩ የእናንተን የምርት ወር የማያካትተውን መስመር ሰርዙ።
2. በሞዴል ኮድ አምድ ላይ የእናንተ ኮድ የሌለበትን ሰርዙ። ባዶ ከሆነ ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው፤ አትሰርዙት።
3. ማስታወሻውን አንብቡ። ደብሊው እና ዝንብል መስመር ካለ «ያለው» ማለት ነው፤ ደብሊው-ኦ ከሆነ «የሌለው»። ኤ-ቢ-ኤስ ያለው፣ የጭጋግ መብራት የሌለው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ወደ መኪናው ሂዱና በዓይናችሁ አረጋግጡ።
4. ብዛቱን እዩ። 02 ካለ ለአንድ መኪና ሁለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው። የፍሬን ሸራ ጥቅል ላይ 01 ካለ ግን ያ አንድ ጥቅል ለሁለቱም ጎማ ይበቃል። ሁለት አትዘዙ።

የሞተር ውስጥ ዕቃ ከሆነ ኤስ-ቲ-ዲ፣ ዩ-ኤስ 0.25፣ ኦ-ኤስ 0.50 የሚሉ ምልክቶች ይመጣሉ። የመጀመሪያው የፋብሪካ ልክ ነው። ዩ-ኤስ ለተላገ ሻፍት፣ ኦ-ኤስ ለተላገ ሲሊንደር ነው። የሚልገው ባለሙያ ሳይለካ አትዘዙ። የኮሎ (የክራንክሻፍት) ኩሽኔታም በቁጥር ደረጃ ሊከፈል ይችላል፤ ደረጃው ሻፍቱና ብሎኩ ላይ ተመትቷል።

ቀለም ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ የበር እጀታ፣ ከሙሉው የዕቃ ቁጥር 10 አሃዝ (5 እና 5) በኋላ ሁለት ተጨማሪ ቁምፊ አለው። ያ ቀለሙ ነው። ከተረሳ ያልተቀባ ወይም የሌላ ቀለም ዕቃ ይመጣል።

ደረጃ 9፦ የተተካ ቁጥር መሆኑን እዩ

ያገኛችሁት ቁጥር አሁን ላይሸጥ ይችላል። አምራቹ ዕቃውን ሲያሻሽል አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ካታሎጉ «በዚህ ተተክቷል» ይላል፤ አንዳንዴ ሦስት አራት ጊዜ ተከታትሎ። እስከ መጨረሻው ተከተሉት። አዲሱ በድሮው ቦታ ይገባል። ድሮው በአዲሱ ቦታ ግን ሁልጊዜ አይገባም፤ ወደ ኋላ አትሂዱ። አንዳንዴ አዲሱ ከሌላ ዕቃ ጋር አብሮ እንዲቀየር ማስታወሻ ይኖረዋል።

የሌሎቹ አምራቾች አጻጻፍ

ኒሳን እንደ ቶዮታ 5 እና 5 ነው። የፊት መብራት ቀኙ 26010፣ ግራው 26060 ነው። ሆንዳ 5፣ 3፣ 3 ነው፤ መካከለኛዋ ሦስት ሞዴሉን ወይም ሞተሩን ስለምትናገር እሷን አትዝለሉ። ማዝዳ 4፣ 2፣ 3 ነው፤ ክፍሉን የምትናገረው መካከለኛዋ ሁለት ናት። ሚትሱቢሺ በድሮው አጻጻፍ ሁለት ፊደልና 6 አሃዝ፣ በአዲሱ 4 አሃዝ፣ አንድ ፊደል፣ 3 አሃዝ ነው። የሚትሱቢሺ የድሮው ቁጥር እንደ ቶዮታ ክፍሉን በግልጽ አይናገርም፤ ሥዕሉን ነው የምትከተሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የቶዮታ የመጨረሻ 5 አሃዝ ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ይጠቁማል ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እሱን ተማምናችሁ ግን አትዘዙ፤ ለአንዱ የተሠራ ዕቃ ለአሥር ሞዴል ይገባል።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

የሻንሲ ቁጥሩ «አልተገኘም» ካለ። ሰረዙን አካታችሁ፣ ከዚያ ሳታካትቱ ሞክሩ። ገበያውን ቀይሩ። ፊደሎቹን እንደገና ከፎቶው አንብቡ። አሁንም እምቢ ካለ በሙሉ የሞዴል ኮዱና በምርት ወሩ ግቡ፤ ለዚህ ነው ሙሉውን ጻፉ ያልኳችሁ።

አጣርታችሁ አሁንም ሁለት መስመር ከቀረ። አትገምቱ። ልዩነቱን የሚናገረው ማስታወሻው ነው። ማስታወሻ ከሌለ የድሮውን ዕቃ ለኩ፤ ዲያሜትሩን፣ የቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የሶኬቱን ፒን ብዛት። ከዚያ ሁለቱንም ቁጥር ከነልኬቱ ለሻጩ ላኩና የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስላችሁ።

ድሮው ዕቃ ላይ ያለው ቁጥር ከካታሎጉ ጋር ካልገጠመ። ምናልባት የምታነቡት የመኪናውን አምራች ቁጥር አይደለም። በዲናሞና በሞተሪኖ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የዴንሶ የራሱ ቁጥር ነው። መብራት ላይ ኮይቶ ወይም ስታንሊ ከሚለው ጎን ያለው የመብራቱ ሠሪ ቁጥር ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ያገለገለ ዕቃ ስትፈልጉ በመብራቱ መስታወት ላይ ያለው ቁጥር በጣም ይጠቅማል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የማይሆን ዕቃ አስገጥሞ ይሆናል። ያን ጊዜ ካታሎጉን እመኑ።

የፊት መብራት ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የጃፓን ገበያ መብራት የተሠራው በግራ በኩል ለሚነዳበት መንገድ ነው። በቀኝ በሚነዳበት መንገድ ብርሃኑ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል። ሰው የሚጎዳ ነገር ነው። የግራ መሪ ሞዴሉን መብራት ቁጥር ፈልጉ፤ አምፖሉ ሃሎጅን ነው ዜኖን የሚለውንም አጣሩ።

«ምርቱ ቆሟል» ካለ። ኮምፕሌቱን ተዉና ሰብ-አሲው ወይም ነጠላው እንዳለ እዩ። ቀጥሎ ያ ቁጥር በየትኞቹ ሌሎች ሞዴሎች እንደሚገባ በካታሎጉ ፈልጉ፤ ያገለገለ ዕቃ ከእነሱ ላይ ሊገኝ ይችላል። የፍሬን፣ የመሪና የኤርባግ ዕቃ ላይ ግን «ይመሳሰላል» በሚል አትግዙ። ቁጥሩ እስካልገጠመ አይሆንም።

ስታዝዙ የምትልኩት

ለሻጩ ስምና ዓመት ብቻ አትላኩ። እነዚህን በአንድ መልእክት ላኩ፦ ሙሉ የሻንሲ ቁጥር፣ የመጨረሻውን የተተካ የዕቃ ቁጥር፣ ጎኑን፣ ብዛቱን፣ ቀለም ካለው ኮዱን፣ እና የድሮውን ዕቃ ፎቶ። ዕቃው ሲደርስ ማሸጊያውን ሳትቀዱ በላዩ ያለውን ቁጥር ካዘዛችሁት ጋር አመሳክሩ። ከገጠመ ክፈቱትና ከድሮው ጎን አስቀምጡት። ቀዳዳውን፣ ሶኬቱን፣ ርዝመቱን አስተያዩ። ይህን ሁሉ መኪናው ገና ሳይፈታ አድርጉት፤ ዕቃው ልክ ካልሆነ መኪናችሁ እየሄደ ትመልሱታላችሁ።